የዮዮ ሳጥን በቤት ውስጥ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ጓሮ ተቀምጬ አሥራ ሁለት ዮዮ፣ ማለትም በክር ላይ እየወረደ እየወጣ የሚሽከረከር ክብ መጫወቻ፣ የሚይዝ ሳጥን ሠራሁ። ክዳኑ ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ቫርኒሹ ያብረቀርቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ እከፍተው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልሁትና ረሳሁት። የመስቀል ሰሞን ላወርደው ብል ክዳኑ አልላቀቅ አለ። በቢላ ፈልቅቄ ስከፍተው የሻጋታ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው የአሉሚኒየም ዮዮ ክሩ ነጥቦ ነጥቦ ጠቁሯል፤ መካከሉ ላይ ያለውን ማሽከርከሪያ፣ ኩሽኔታውን፣ በጣቴ ሳዞረው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንኮሻኮሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን በዚያ አንድ ሳጥን ላይ ፈጽሜያቸዋለሁ።

እንጨት ክረምትን እንደሚጠጣ መርሳት

ክዳኑ የተጣበቀው በቫርኒሹ አልነበረም። ሳጥኑን የሠራሁት እንጨቱ አጥንት መስሎ በደረቀበት ጊዜ ነው፤ ክዳኑንም ወረቀት እንኳ እንዳያሳልፍ አድርጌ ገጠምሁት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንጨቱ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ አበጠ። የሰፈራችን አዛውንት አናጺ ሳጥኑን አገላብጠው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ እንጨት በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይተፋል፤ አንተ መላወሻ ነሣኸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በክዳኑና በሳጥኑ መካከል በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እተዋለሁ። እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ክፍተቱ የሚያስፈልገው በወርድ በኩል ነው።

የእንጨቱ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ባህር ዛፍ በየደጃፉ ስላለ እጃችን ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ እርሱ ነው። ነገር ግን ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ በጣሪያ ማገር ላይ የማይታይ እንከን በሳጥን ክዳን ላይ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ቺፑድ ደግሞ አንድ ጊዜ ውኃ ከጠጣ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ይቀራል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ኮምፔንሳቶ የተሻለ ነው፤ ስስ የእንጨት ንጣፎቹ ተነባብረው የተጣበቁት አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ስለሆነ እንደ ሙሉ ጣውላ አያብጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ዋንዛ ነው፤ ለመጋዝ ይታዘዛል፣ ከደረቀም በኋላ ቅርጹን ይጠብቃል። አዲስ ጣውላ መግዛት አያስፈልግም። የተሰበረ የዋንዛ አልጋ ራስጌ ካገኙ ለዓመታት የደረቀ እንጨት በነፃ አገኙ ማለት ነው።

እንጅባራን ሲያልፉ የቀርከሃ ዕቃ ዓይተው «አንዱን አንጓ ቆርጬ ለዮዮ ማኅደር ባደርገውስ?» ብለው ያስቡ ይሆናል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ወፍራም ቀርከሃ አንጓው ራሱ መቀመጫ ይሆንለታል፣ ክዳን ብቻ ይቀራል። ስህተቱ ቀርከሃውን እንደተቆረጠ መጠቀም ነው። እርጥቡ ቀርከሃ ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ይተረተራል፤ ውስጡ ያለው ስታርችም ነቀዝ ይጠራል። አንድ ቀን ጠዋት ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካዩ ነቀዙ ገብቷል።

ሳይለኩ መቅደድ

ብዙ ዘመናዊ ዮዮዎች ዲያሜትራቸው ከ54 እስከ 58 ሚሊ ሜትር፣ ወርዳቸው ከ40 እስከ 46 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አናጺዎች ለበር እጀታ የሚጠቀሙበት ክብ ቀዳዳ አውጪ ብዙ ጊዜ 54 ሚሊ ሜትር ነው። በእርሱ አሥራ ሁለቱንም ቀዳዳ በአንድ ከሰዓት አወጣሁና፣ ማታ 56 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዮዮ ባስገባ ጫፉ ላይ ቀረ። ቀዳዳዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ለማስፋት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ክብነታቸውም ጠፋ።

60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በቀዳዳዎቹ መካከልና በዳር 10 ሚሊ ሜትር ከተዉ፣ አራት በሦስት አድርገው ለመደርደር ሰሌዳው 290 በ220 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዳር ደግሞ ሁለት የጣት ማስገቢያ ይፈልፍሉ። ይህን የዘለለ ሰው ዮዮውን ለማውጣት ሳጥኑን ይገለብጣል፤ አሥራ አንዱም አብረው ወለል ላይ ይዘረገፋሉ።

የቆዳ ማኅደር የሚሰፉ ሰዎች ዳዊቱን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ውፍረቱን በእጃቸው ይዘው ነው የሚቆርጡት። እኛ ግን ልኬቱን ከማስታወቂያ ላይ አንብበን መጋዝ እናነሣለን። ማስታወቂያው ስለ ክሩ አይነግርዎትም፤ በዮዮው ላይ የተጠመጠመው ክርና የጣት ማሰሪያው ቋጠሮ ቦታ ይወስዳሉ።

ውስጡን በፍራሽ ስፖንጅ መሙላት

ከአሮጌ ፍራሽ የተቀደደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ ዮዮውንም ከጭረት የሚጠብቀው ይመስላል። ግን እርጥበትን ይይዛል፤ ዮዮው በነሐሴ እርጥብ ፎጣ ላይ የተኛ ያህል ነው። ሲያረጅ ደግሞ ቢጫ ይሆንና ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ መርፌ ይዞ መቀመጥ ነው። የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት ጠጣር ስፖንጅ ውኃ አይጠጣም፣ በቢላም ንጹሕ ሆኖ ይቆረጣል። የጥጥ ጨርቅ ማንጠፍ ቢፈልጉ የታጠበና በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ያረጀ ነጠላ ከመቅደድዎ በፊት ግን እናትዎን ያስፈቅዱ።

የሚያምር ቆዳ ማንጠፍም ያጓጓል። ለፕላስቲክ ዮዮ ብዙ አይጎዳም፤ የናስ ቀለበት ያለው ዮዮ ግን ከቆዳ ጋር ተነካክቶ ወራት ከቆየ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

በማስቲሽ ማጣበቅና ቶሎ መዝጋት

ማስቲሽ የሚሸተው በውስጡ ያለው ማሟሚያ ስለሚተን ነው። ክዳኑ ከተዘጋ ያ ትነት የሚሄድበት የለም። ፖሊካርቦኔት በሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ የተሠሩ ዮዮዎች እንዲህ ባለ ትነት ፊታቸው ሊደበዝዝ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅም ሊያወጣ ይችላል። ነጩን የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ። ቫርኒሹንም ከውጭ ብቻ ይቀቡና፣ አፍንጫዎን ሳጥኑ ውስጥ ከተው ምንም እስካይሸትዎት ድረስ ክፍቱን ይተዉት። በእኔ ቤት ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ወስዷል።

እርጥበትን አብሮ መዝጋት

«ከእርጥበት ልጠብቀው» ብሎ ዮዮውን በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ፌስታሉ ግን በታሰረበት ሰዓት የነበረውን እርጥብ አየር አብሮ ያስራል። ማታ ሲቀዘቅዝ ያ አየር ጠል ሆኖ ብረቱ ላይ ይቀመጣል። የሚጎዳው ኩሽኔታው ነው፤ ብዙ ጊዜ ዲያሜትሯ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች፣ ብዙ ጊዜ ከብረት የምትሠራ፣ የዮዮው ልብ።

በሳጥኑ ግራና ቀኝ ጎን ሁለት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይብሱና ከውስጥ በቀጭን የወባ አጎበር ቁራጭ ይሸፍኗቸው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አይጣሉ፤ ሁለት ሦስቱን በየጥጉ ያስቀምጡ። እርሱም ከጠገበ በኋላ ሥራ ስለሚያቆም ክረምት ሲጋመስ ይለውጡት። ሩዝ አድርጉ የሚል ምክር ሰምቻለሁ፤ ሩዝ ከሚመጥጠው እርጥበት ይልቅ የሚጠራው ነቀዝ ይበልጣል።

ከሰኔ በፊት ኩሽኔታውን አውጥቼ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደርግበታለሁ። ዘይቱ ዮዮውን ያዘገየዋል፤ መስከረም ላይ አጥቤ አወጣዋለሁ።

ክሩን እንደተጠመጠመ መተው

የጥጥ ክር እርጥበት ይስባል፣ ያንንም ከኩሽኔታው ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ይፍቱት፣ ለብቻው ያስቀምጡት። ክር ርካሽ ነው።

መስኮት ሥር ማስቀመጥ

ፀሐይ የአሉሚኒየሙን ቀለም ያደበዝዛል፣ ነጭ ፕላስቲክን ቢጫ ያደርጋል። የመስተዋት ክዳን የሠራ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያስብበት።

መያዣውን ክዳኑ ላይ መግጠም

አንድ ዮዮ 65 ግራም ያህል ይመዝናል። አሥራ ሁለቱ 780 ግራም፣ ሃያ አራቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ናቸው፤ የሳጥኑ ክብደት ደግሞ አለ። መያዣው ክዳኑ ላይ ከተገጠመ ይህ ሁሉ ሸክም የሚንጠለጠለው በማጠፊያዎቹ ትንንሽ ብሎኖችና በመቆለፊያው ላይ ነው። በባጃጅ ጉዞ መካከል ብሎኖቹ ሲነቀሉ አይቻለሁ፤ ከዮዮዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አዲሱ ሳጥኔ ከአልጋ ራስጌ የወጣ ዋንዛ ነው፤ ማንገቻው ጠፍር ከሥሩ ዞሮ በሁለቱም ጎን ይወጣል፣ ልክ እንደ ዳዊት ማኅደር።