ሶላሩ ባትሪውን አልሞላ ሲል
ለፌስቲቫል ድንኳን የምንይዘው 100 ዋት ሶላር ባትሪውን አልሞላ ብሎ አስቸገረን። ፀሐዩ ግን አናት ይበሳል። ፓኔሉ ተፈተሸ፤ ደህና ነው። መልቲሜትር (የቮልቴጅ መለኪያ) ሲያዝ ጉዱ ወጣ፦ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ላይ 14.4 ቮልት፣ ባትሪው ጫፍ ላይ 13.1። ኮንትሮለሩ የታሰረው ፓኔሉ ስር ነበር። ከዚያ እስከ ባትሪው ያለው 10 ሜትር ቀጭን ሽቦ ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይበላዋል። ኮንትሮለሩም ባትሪው የሞላ ይመስለውና ቻርጁን ቶሎ ይቀንሳል።

ኮንትሮለሩን ባትሪው አጠገብ አመጣሁት፣ በአጭርና ወፍራም ሽቦ አገናኘሁት። በቃ፣ ተስተካከለ። ረጅሙ ሽቦ በፓኔሉ በኩል ይሁን፤ እዚያ ወደ 18 ቮልት ስላለ ትንሽ ቢጎድል ችግር የለውም። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ግን ፊውዝ የግድ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሲነቀል መጀመሪያ ፓኔሉ፣ ከዚያ ባትሪው።