በእንግሊዝ ገጠር የክርስትና መዝገብ ዘር እንዴት ይቆጠራል?

ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ያስጠናቸው አባቴ ነው። በእናታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት አያልፉም ነበር። ባለቤቴ በእንግሊዝ የዶርሴት ገጠር ሰዎች ልጅ ናት። እዚያ ዘር የሚገኘው በቃል ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘገብ የታዘዘው በ1538 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በሕይወት ካሉት ሽማግሌዎች ጀምሩና አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂዱ። ከጁላይ 1837 ወዲህ ለተወለደ ሰው የመንግሥት የልደት ወረቀት ይፈለጋል። ከዚያ በፊት ለተወለደ የ1851ን የሕዝብ ቆጠራ እዩ፤ የትውልድ አጥቢያውን ይነግራችኋል። ከዚያ መዝገቡን ክፈቱ። ፋሚሊሰርችና ፍሪሬግ የሚባሉት ድረ ገጾች ነጻ ናቸው፤ እነሱን ሳትጨርሱ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ። ከተቻለ ደግሞ ሌላ ሰው የገለበጠውን ሳይሆን የገጹን ፎቶ አንብቡ።

ከባዱ ነገር ስም ነው። ከ1813 ጀምሮ በታተመ ቅጽ ላይ የአባት ሥራና መኖሪያ ይጻፋል። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ጊዜ «ዊሊያም፣ የጆንና የሜሪ ልጅ» ብቻ ነው። የእኛ ዊሊያም በ1851 ቆጠራ 57 ዓመቱ ነው። ተወለድኩበት ብሎ ለቆጣሪው በተናገረው አጥቢያ በ1794 ክርስትና የተነሳ ዊሊያም ስላገኘሁ ጮቤ ረገጥኩ። ከወላጆቹ ተነስቼ ሦስት ትውልድ ወጣሁ። የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ስዬ ለአማቴ ሰጠኋት። ሳሎኗ ሰቀለችው።

በኋላ ለሌላ ጉዳይ የቀብር መዝገቡን ሳገላብጥ ያው ስም መጣ። «ዊሊያም፣ የጆንና የሜሪ ልጅ፣ ሕፃን»። ቀለሙ የደበዘዘ አንድ መስመር ናት። ክርስትና ከተነሳ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ተቀብሯል። ክው አልኩ። የአራት ወር ልፋት ውሃ በላው፤ ወረቀቱንም ከአማቴ ግድግዳ ላይ ራሴ አወረድኩት።

ስለዚህ ክርስትናውን ስታገኙ ወዲያው የዚያኑ አጥቢያ ቀብር ቢያንስ አሥር ዓመት ወደ ፊት ፈትሹ። ሕፃኑ ሞቶ ከሆነ ቀጣዩን ልጅ እዩ፤ ስሙን ለታናሹ መስጠት የተለመደ ነበር። ቀጥሎ የጎረቤት አጥቢያዎችን ፈልጉ። ሰው ለቆጣሪው የተወለደበትን ሳይሆን ያደገበትን መንደር ሊናገር ይችላል። የእኛ ዊሊያም የተገኘው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ነው። ያረጋገጠልኝ እህቱ ናት። በቆጠራው ከእሱ ጋር ትኖራለች፤ የእሷም ክርስትና በዚያው መዝገብ ላይ አለ። የቤተሰብ ስሙ ግን በሌላ ፊደል ተጽፏል፤ ቄሱ የሰማውን ነው የሚጽፈው።

ሁለት ነገር ልጨምር። እንደ እኛ 40 እና 80 ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ሦስት ወንድማማች ባንድ ቀን ክርስትና ሊነሱ ይችላሉ። የክርስትናውን ቀን እንደ ልደት አትያዙት። ከ1752 በፊት ደግሞ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። መዝገቡ ላይ ፌብሩዋሪ 1720 ካለ፣ በዛሬው 1721 ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

ገጹ ከተቀደደ ወይም ውሃ ከነካው የጳጳሱን ግልባጭ ጠይቁ። ከ1598 ጀምሮ አጥቢያዎች በየዓመቱ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲልኩ ታዝዘው ነበር፤ የተረፈው ብዙ ጊዜ በአውራጃ መዝገብ ቤቶች ይገኛል።