ችግኝን ከፈንገስ አጋሩ ጋር ማሳደግ

ውኃ ሳይጓደልበት፣ አረሙም እየተነቀለለት ከርሞ ባለበት የቆመ፣ ቅጠሉም ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ሐምራዊነት ያደላ ችግኝ ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል። ከዚያ በፊት ግን አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ አንሥቶ ሥሩን መመልከት ይገባል፤ የጎደለው ምግቡ ሳይሆን ምግቡን ከአፈር አውጥቶ የሚያቀብለው ፈንገስ ሊሆን ይችላልና።

ይህ የሥርና የፈንገስ ኅብረት «ማይኮራይዛ» ይባላል፤ ስሙን «ፈንገስ» እና «ሥር» ከሚሉት የግሪክኛ ቃላት አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። ጥቅሙን ለመረዳት ፎስፈረስ የተባለውን የዕፅዋት ምግብ ማሰብ ይበቃል። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ከውኃ ጋር እየፈሰሰ ወደ ሥር አይመጣም፤ ሥሩም በቅርቡ ያለውን ጥቂት ሚሊሜትር አሟጦ ከጨረሰ በኋላ ራቅ ያለውን ሳያገኘው ይራባል። ውፍረታቸው ከጥቂት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) የማይበልጠው የፈንገስ ክሮች ግን ሥር በማይገባባቸው ቀዳዳዎች እየሾለኩ፣ ያንን የተራቆተ ክልል አልፈው ፎስፈረሱንና ውኃውን ያመጣሉ። ዛፉም በፋንታው በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ያካፍላቸዋል።

አንድ ፈንገስ የብዙ ዛፎችን ሥር በአንድ ጊዜ ሊይዝ ስለሚችል ክሮቹ ከመሬት በታች መረብ ይሠራሉ። የደን ተመራማሪዋ ሱዛን ሲማርድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ ደን ውስጥ በርችና ዳግላስ ፈር በተባሉ የዛፍ ዓይነቶች ችግኞች መካከል ካርቦን መተላለፉን ካሳወቁ ወዲህ «እናት ዛፍ ልጆቿን ትመግባለች» የሚለው አባባል በሰፊው ተሰራጭቷል። እኔ ይህ አባባል ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ተለጥጧል ብዬ አምናለሁ፤ በመረቡ የሚተላለፈው ካርቦን ለችግኙ ዕድገት ምን ያህል እንደሚረዳ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ለተካይ ሰው የሚበቃው ሌላ ነገር ነው፦ ከትልቅ ዛፍ አጠገብ የበቀለ ችግኝ ፈንገሱን ለማግኘት ብዙ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ የተዘረጋው ክር መጥቶ ያገኘዋል። በችግኝ ጣቢያ ለሚያድገው ግን ፈንገሱን የሚያመጣለት ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዛፉን ዓይነት መለየት ነው። ፓይን፣ ኦክና በርች የሥራቸውን ጫፍ እንደ ጓንት የሚሸፍን ፈንገስ አላቸው፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና አብዛኞቹ የፍራፍሬ ዛፎች ደግሞ እስከ ሥሩ ሕዋሳት ዘልቆ የሚገባ ሌላ ዓይነት አላቸው፤ ባሕር ዛፍ ከሁለቱም ጋር ይኖራል። አንዱ ሌላውን ስለማይተካ ከጥድ ሥር የመጣ ፈንገስ ለፓይን አይሆነውም። ፓይን በተፈጥሮ በማይበቅልባቸው የደቡብ ንፍቀ ክበብ አገሮች የተተከሉ ችግኞች ፈንገስ ያለበት አፈር እስኪመጣላቸው ድረስ ቀጭጨው ይቀሩ ነበር።

አፈሩ የሚወሰደው ከተመሳሳይ ዝርያ፣ ጤናማ ከሆኑና ዕድሜ ካላቸው ዛፎች ሥር ነው። የላዩን ደረቅ ቅጠል ገለል አድርጎ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቀጫጭን ሥሮች ያሉበትን አፈር ከሁለት ሦስት ዛፎች በጥቂት በጥቂቱ መዝገን፣ ጉድጓዱንም መልሶ መድፈን ያስፈልጋል። ከታመመ ዛፍ ሥር ፈጽሞ አይወሰድ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል። የተወሰደው አፈር ፀሐይ ሳይመታውና ሳይደርቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ እጁ ከዘጠኝ እጅ የመደብ አፈር ጋር ይደባለቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው መታቀብ ነው። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ሥሩን ከፈንገሱ ያለያየዋል፤ ያለ ድካም የሚያገኘውን ፎስፈረስ ዛፉ ስኳር ከፍሎ አይገዛውምና። አፈሩን ደጋግሞ መቆፈር ክሮቹን ይበጣጥሳል፤ ፀረ ፈንገስ መድኃኒትም ጠቃሚውን ከጎጂው ላይለይ ይችላል። ችግኙ ወደ መሬት ሲዛወር ፕላስቲኩ ይወገድ እንጂ በሥሩ ላይ የያዘው አፈር አይራገፍ፤ ዙሪያውንም ግንዱን ሳይነካ በደረቅ ቅጠል መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆይለታል።

ከወራት በኋላ አንድ የፓይን ችግኝ ነቅሎ ሥሩን በሳሕን ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማጠብና በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል። ፈንገሱ ከያዘ ጫፎቹ አጠር ወፈር ብለው እንደ ባላ ለሁለት ተከፍለው፣ ነጭ ወይም ቡናማ ሽፋን ለብሰው ይታያሉ። የጥድና የወይራ ፈንገስ ግን በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ ለእነዚህ የሚሻለው ከመጀመሪያው አሥር ያህል ችግኞችን ያለ ደን አፈር ማሳደግና ቁመታቸውን ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ነው፤ የመደቡ አፈር ራሱ ከደን የመጣ ከሆነ ግን ፈንገሱ በሁለቱም ዘንድ ስለሚገኝ ልዩነት ላይታይ ይችላል።