በታዳሽ ኃይል ሙያ ለመሰልጠን የመንግሥት ድጋፍ እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ ሙያውን ለዩ። «ታዳሽ ኃይል መማር እፈልጋለሁ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ሚዛን አይደፋም። የሶላር ገጠማ፣ የነፋስ ተርባይን ጥገና ወይስ የኃይል ምህንድስና? አጫጭር የቴክኒክ ስልጠናዎችን ብዙ ጊዜ የሚደግፉት የኢነርጂ ወይም የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ለዲግሪ ግን ስኮላርሺፕና የተማሪ ብድር የሚሰጡትን ጠይቁ።

ቀጥሎ ድጋፉ ምን ምን እንደሚሸፍንና መቼ እንደሚከፈል መስመር በመስመር አንብቡ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው ሱርያሚትራ የተባለው የሶላር ቴክኒሻኖች ስልጠና 600 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን ሰልጣኙ አይከፍልም ነበር። አውስትራሊያ በ2023 ለአዲስ ኢነርጂ ሙያ ተለማማጆች እስከ 10,000 የአውስትራሊያ ዶላር መድባ ነበር፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን ሥልጠናው እየገፋ ሲሄድ በየጊዜው ተከፋፍሎ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ድጋፍ ይዞ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ከየት እንደሚሸፍን ቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከዚያ ማሰልጠኛውን በአካል ሄዳችሁ እዩ። ይህን እርምጃ አትዝለሉት። የሶላር ፓነል እንደ አምፖል አይጠፋም፤ ፀሐይ እስካገኘው ድረስ ጫፎቹ ላይ ቮልቴጅ አለ። በተከታታይ የተያያዙ ፓነሎች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫሉ። ስለዚህ «ሰልጣኙ ጣሪያ ላይ ይወጣል? የቮልቴጅ መለኪያውን በእጁ ይይዛል? የደህንነት ቀበቶና ጓንት ማን ያቀርባል?» ብላችሁ ጠይቁ። በነፋስ ኃይል ዘርፍ ብዙ አሠሪዎች የሚጠይቁት መሠረታዊ የደህንነት ሰርተፊኬት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ የእድሳቱን ወጪ ማን እንደሚችል አሁኑኑ ይታወቅ።

ሰነዶቹ ብዙም አያስቸግሩም፦ የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የማሰልጠኛው የቅበላ ደብዳቤ። የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ግን ጊዜ ስጡ። «አካባቢን እወዳለሁ» ከማለት የሠራችሁትን ጻፉ፦ የጠገናችሁትን ቻርጀር፣ የዘረጋችሁትን ገመድ፣ የት ተቀጥራችሁ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ።

ከመፈረማችሁ በፊት የግዴታውን አንቀጽ ፈልጉ። አንዳንድ ድጋፍ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ዓመት ማገልገልን፣ ትምህርቱ ከተቋረጠም ገንዘቡን መመለስን ያስገድዳል። ብትታመሙ ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የውሉንም ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።