አፕዴት አደረግኩት፣ ግን አልተቀየረም

"ጋሼ፣ ዋጋውን ሦስቴ ቀየርኩት፤ ተመልሶ ያው ነው።"

ደዋዩ ቱሉ ዲምቱ ያለ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ባለቤቱ ሰንዳፋና ቡራዩም መጋዘን አለው። በየመጋዘኑ አንድ ሰርቨር ተቀምጧል። ዳታቤዙ ካሳንድራ ነው፤ እያንዳንዱ መረጃ በሦስቱም ላይ ኮፒ አለው። ኤረር የሚባል ነገር አልወጣም። ሄጄ ሳየው ጥፋቱ የካሳንድራ አልነበረም። ብዙ ጊዜም የኛው ነው፤ የተለመዱት ስህተቶቻችን እነዚህ ናቸው።

ሰዓትን በእጅ መሙላት። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። የማሽኑ የሰዓት ባትሪም ሞቷል። ልጁ ጠዋት ሲያስነሳው የግድግዳውን ሰዓት አየና 3:00 ብሎ ሞላ። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ግን 9:00 መሆን ነበረበት።

ካሳንድራ ሁለት ጽሑፍ ሲጋጭባት የምትዳኘው በሰዓት ማህተም ነው። የኋለኛው ያሸንፋል። ሰንዳፋ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የድሮውን ዋጋ አስገብታለች፤ ማህተሙ 8:00 ይላል። የልጁ 3:00 ነው፤ ተሸነፈ። እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሲታገል ቢውልም ያው ነበር።

ሰዓቱ ወደፊት ቢሮጥ ደግሞ ይብሳል። የተጻፈው ነገር ያ ሰዓት እስኪደርስ አይቀየርም፤ ብትሰርዙትም አይሰረዝም። ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ጨምሮ ሁሉም ማሽን ላይ ክሮኒ (ሰዓትን በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን በእጅ አትንኩት።

መብራት ሲመጣ ዝም ብሎ መቀጠል። አንዱ ኖድ (ከሰርቨሮቹ አንዱ) ሲጠፋ ሌሎቹ ያመለጠውን ጽሑፍ ያስቀምጡለታል፤ ቅንብሩን ካልቀየራችሁት ግን ለ3 ሰዓት ብቻ ነው። ሰንዳፋ ሙሉ ቀን መብራት ጠፍቶ ከዋለ ቀሪው አይደርሰውም። ሲመለስ "ኖድቱል ሪፔር" የሚባለውን፣ ኮፒዎቹን የሚያስማማ ትዕዛዝ አስኬዱ።

የተሰረዘውን ጠፋ ብሎ መርሳት። ካሳንድራ ስትሰርዝ ምልክት ታስቀምጣለች። ቶምብስቶን ይሉታል፣ የመቃብር ድንጋይ መሆኑ ነው። ቅንብሩን ካልቀየራችሁት የምልክቱ ዕድሜ 10 ቀን ነው። አንድ ሰርቨር ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት ጥገና ቤት ቆይቶ ከነዳታው ቢመለስ፣ ምልክቱ ስለጠፋ የሰረዛችሁት ደንበኛ ከነዕዳው ከመቃብር ይነሳል። እንዲህ የቆየ ኖድ ዳታው ተጠርጎ እንደ አዲስ ይግባ። ሪፔሩም በየሳምንቱ ይሂድ።

ለፍጥነት ብሎ በአንድ ኖድ መልስ መርካት። ቡራዩ ጽፎ ሰንዳፋ የድሮውን ቢያነብ አይግረማችሁ። ስትጽፉም ስታነቡም ኮረም ተጠቀሙ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ይመስክሩ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጠፉ ሥራ ይቆማል፤ ለዋጋና ለሒሳብ ግን መቆሙ ይሻላል ባይ ነኝ።

አፕዴት (የመቀየሪያው ትዕዛዝ) የሌለውን አይነካም ብሎ ማሰብ። ይፈጥራል እንጂ! የደንበኛ ቁጥር ላይ አንድ ዜሮ የረሳ ሰው ኤረር አይመጣበትም፤ አዲስ ደንበኛ ይወልዳል። ለዚህ "ኢፍ ኤግዚስትስ"፣ ማለትም "ካለ ብቻ" የሚል ማሰሪያ አለላችሁ። ግን ይዘገያል፤ ሁሉም ቦታ አትለጥፉት።