የልጅን የአእምሮና የባህርይ ችግር እንዴት ለይቶ ማሳከም ይቻላል?

ልጅ ያለቅሳል፣ ያኮርፋል፣ ይዋሻል፣ ዕቃ ይወረውራል። አብዛኛው ከዕድሜ ጋር መጥቶ ከዕድሜ ጋር የሚሄድ ነው። ሕመሙን ከዚህ ለመለየት «ምን አደረገ?» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምን ያህል ቆየ፣ የት የት ይታያል፣ ከጨዋታው፣ ከትምህርቱና ከእንቅልፉ የቱን አስተጓጎለበት የሚለው ይበልጣል።

ቀጠሮ የማይጠብቀውን እናስቀድም። ልጁ ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ምግብ እርግፍ አድርጎ ከተወ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። እስከዚያው ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒት፣ ስለታም ነገርና የተባይ መርዝ አርቁ።

1. መዝግቡ

ለሁለት ሳምንት ያህል ከድርጊቱ በፊት የነበረውን፣ ልጁ ያደረገውን፣ ከዚያም እናንተ ያደረጋችሁትን ጻፉ። «አስቸገረ» የሚል ቃል ለሐኪም ምንም አይነግረውም። «የሒሳብ የቤት ሥራ ሲቀርብለት እርሳሱን ሰበረ፤ ተቆጥቼ ደብተሩን ሰበሰብኩ» የሚለው ግን ልጁ ከሥራው ማምለጫ እንዳገኘ ያሳያል፤ ሒሳቡ ለምን እንደከበደውም ያስጠይቃል። ትምህርት ባለበት ጠዋት ሁሉ የሚያመው ሆድ በእረፍት ቀን ዝም ካለ፣ ጭንቀት መጠርጠር አለበት።

2. ጊዜውንና ቦታውን መዝኑ

የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ነው ለማለት ምልክቶቹ 12 ዓመት ሳይሞላው የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩና እንደ ቤትና ትምህርት ቤት ባሉ ሁለት ቦታዎች የሚታዩ መሆን አለባቸው። በቤት ብቻ ወይም በክፍል ብቻ የሚረብሽ ልጅ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው ቦታው ነው። ድብርት ደግሞ አብዛኛውን ቀን እየታየ 2 ሳምንት ከቆየ ምርመራ ይፈልጋል። በልጅ ላይ ሁልጊዜ ሐዘን መስሎ አይመጣም፤ «ጥጋብ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ቁጣና ነጭናጫነት ድብርት ሊሆን ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማንንም ስለማይረብሽ የሚረሳው ዝምተኛ ልጅ ነው።

በ12 ወሩ በስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያያይዝ፣ ወይም የነበረው ንግግር የጠፋበት ሕጻን ለኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ችግር)፣ ለመስማት ችግርና ለንግግር መዘግየት ይመርመር። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን ምክር አትስሙ።

3. ሰውነቱን አስመርምሩ

ጆሮ፣ ዐይን፣ የእንቅልፍ መታወክ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግር የባህርይ ችግር ሊመስሉ ይችላሉ። በየመሀሉ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ጥሪ የማይሰማ ልጅም የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

4. ሕክምናውን ጀምሩ

ለትንንሽ ልጆች የባህርይ ችግር ቀዳሚው ሕክምና የወላጆች ሥልጠና ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ የተከሰሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከልጁ ጋር ብዙ ሰዓት የሚውለው እሱ ስለሆነ ነው። ትእዛዝ አጭርና አንድ ብቻ ይሁን። «ጎበዝ» ከማለት «ስጠራህ ወዲያው መጣህ፣ ጎበዝ» ይሻላል። ጉዳት የሌለውን ጩኸት ችላ በሉት፤ መጀመሪያ ይብሳል፤ በዚያ ሰዓት እጅ ከሰጣችሁ ረዘም አድርጎ መጮህን አስተማራችሁት ማለት ነው። ዱላ ቁጣን ያባብሳል እንጂ አይፈውስም።

ጭንቀት ያለበትን ልጅ ከሚፈራው ነገር ሁሉ ማሸሽ ፍርሃቱን ይቀልበዋል። በሥነ ልቦና ባለሙያ እገዛ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጋፈጠው፦ መጀመሪያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን።

መድኃኒት ሐኪም ካዘዘ አትሽሹት። ለትኩረት ችግር የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ስለሚቀንስ ክብደትና ቁመት ይለካል። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣ ልጁን በቅርብ ተከታተሉ። ተሻለው ብላችሁ ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ።