ለሰፈር ልጆች አእምሮ ጤና፦ ትብብሩን ከየት እንጀምረው?

መጀመሪያ ስብሰባ አትጥሩ። የምሬን ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውኃ፣ አበል፣ ፎቶ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። «ባለድርሻ አካላት» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል።

ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ዙሩ። እኛ ሰፈር አንድ የ16 ዓመት ልጅ እንቅልፍ አጥቶ፣ ትምህርቱን ትቶ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ክፍሉን ዘግቶ ቢቀመጥ ማን ያየዋል? ያየውስ ለማን ይነግራል? የሰማው ሰው ልጁን የት ያደርሰዋል? ይህን ለመምህሩ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለዕድሩ ሰብሳቢ፣ ለቄሱ ወይም ለሼኹ ለየብቻ ጠይቁ። አንዱ ጋ መልሱ ይቋረጣል፤ እዚያ ጋ ጀምሩ።

ስፋቱም አያጓጓችሁ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ዕድር ይበቃል። ክፍለ ከተማውን በሙሉ እናዳርሳለን ያለ ሰው አንድ ልጅም ሳያሳክም ዓመቱ ያልቅበታል።

ጤና ጣቢያው ጋ ስትሄዱ ኃላፊውን ብቻ አናግራችሁ አትመለሱ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ? በየትኛው ቀን ነው የሚገኘው? ከሌለስ ወደየትኛው ሆስፒታል ነው ሪፈር የሚጻፈው? ከዚያ ካርድ ክፍል ግቡ፤ ሰው የሚረሳው እዚህን ነው። ልጁ እንደ ምንም ራሱን አሳምኖ ይመጣል፣ ሃያ ሰው ከኋላው ተሰልፏል፣ በመስኮቷ በኩል «ምንህን ነው የሚያምህ?» ተብሎ ጮክ ብሎ ይጠየቃል። ምን ይበል? «ሆዴን» ይልና ይመለሳል፤ ወይም ጭራሽ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከካርድ ክፍል ሠራተኞች ጋር ተስማሙ፦ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ያለ ጥያቄ ካርዱ ወጥቶለት ወደ ባለሙያው ይለፍ። ወረቀቷ ላይ በሽታ አይጻፍ፤ የባለሙያው ክፍል ቁጥርና ቀን ብቻ። ስምምነቱ ምንም ብር አያስወጣም፤ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ግን ልጅ ያመጣል።

ትምህርት ቤት ውስጥ የምክር አገልግሎት መምህር ካለ እሱን፣ ከሌለ ደግሞ ተማሪዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚያዋዩትን መምህር ያዙ። ማን እንደሆነ ልጆቹን ብትጠይቁ ወዲያው ይነግሯችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ ስለዚህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን «ገና ልጆች ናቸው» ብላችሁ አትለፏቸው። የፈተና ውጤት የሚወጣበትን ሰሞንም ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙለት። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን በየቤታቸው ሄዶ «እንዴት ናችሁ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ዕድር ለሞት ብቻ የተቋቋመ ይመስለናል። ገንዘብ ግን አለው፣ ሰው ይሰበስባል፣ ማን ቤት ምን እንዳለም ያውቃል። ለሕክምና ማመላለሻና ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ድጋፍ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እንዲገባ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንሡት። መጀመሪያ ማጉረምረም አይቀርም፤ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቀድማችሁ ካሳመናችሁ ግን ነገሩ ይቀላል። የጤና መድኅን ክፍያ ላቃተው ቤተሰብ ዕድሩ እንዲከፍልም ጠይቁ። የልጆቹን ስም ግን ዕድር ላይ እንዳታነሡ! ለኮሚቴው የሚነገረው ስንት ልጅ እንደታከመ እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አይደለም። አንድ ጊዜ ወሬ ከወጣ ሁለተኛ ማንም አይመጣም።

ጸበል ላይ ክርክር አትግጠሙ። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ «ጋኔን ለክፎት ነው» ያለን አባት «ተሳስተሃል» ማለት በሩን መዝጋት ነው። ከካህኑ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት አታቋርጡ እንዲሉ። በእሳቸው አንደበት ሲነገር እኛ አሥር ጊዜ ከምንለው ይበልጣል። ከኢማሙም የሚፈለገው ይኸው ነው።

ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውን ግሮሰሪም አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ባለቤቱን በሰላም አናግሩት፤ ካልሰማ ወረዳው ይስማ። ጫት ቤቱ ላይ ይህን ያህል የሕግ ጉልበት የላችሁም፣ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ሜዳ ወይም ክበብ ካልተገኘ ደግሞ ልመናውም ከንቱ ነው።

መሞትን የሚያወራ ልጅ ከገጠማችሁ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ይቅር። ብቻውን አትተዉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ መድኃኒት፣ ገመድ ከአጠገቡ አርቁ፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም አብራችሁት ሂዱ።

የወረዳ ሰው ይቀያየራል፣ ነርሷ ትዛወራለች፣ ርዕሰ መምህሩ ሌላ ቦታ ይመደባል። ስለዚህ ከየተቋሙ ሁለት ሁለት ሰው ያዙ፤ ስልካቸውን በአንድ ገጽ ጻፉና በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እየደወላችሁ አሁንም እዚያው መሆናቸውን አረጋግጡ።